እናትህ ደጋግመው ያዩት ፊልም

ታዬ ሆዴ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። ያለህበት መልካም እንደሆነ መጋቢያችን በየእሁዱ ይነግሩናል። እኔም አምናለሁ፤ እያመንኩም አለቅሳለሁ። ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው። ያኔ በረዶ ነበር። አሁን ከተማችን ጋሃና ለምልማለች። የጓሯችንን ሣር ጎረቤታችን አዝኖልን ያጭድልናል፤ ጠርዙን ግን እንዳንተ አያስተካክለውም።

ልጃችን ሊዲያ ቴምፕሷን፣ የተለማማጅ መንጃ ፈቃዷን፣ አውጥታ መንዳት እየተለማመደች ነው፣ በአንተው መኪና። ወንበሩን ወደ ፊት ሳቢው ብላት እምቢ አለች። አንተ የተውክበት ቦታ ላይ እንዲቆይ ነው የምትፈልገው። ከጀርባዋ ትራስ ደግፋ ትነዳለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ በየመብራቱ እጸልያለሁ።

ከኒው አልባኒ ማዶ ትልቅ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ ሊሠራ ነው ተብሎ ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከአምልኮ በኋላ የሚወራው እሱ ነው፤ ቤት የገዛው ይስቃል፣ ያልገዛው ይተክዛል። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ልል አፌ ላይ ይመጣና እመልሰዋለሁ። በሰው ደስታ ላይ ውሃ የምትቸልስ ሴት ተብዬ እንዳልታወቅ ብዬ ነው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አስቀድሜ ታውቄያለሁ። እንዴት እንደታወቅሁ ልንገርህ።

ይህን ደብዳቤ አጥፌ መጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ ማስቀመጥ እችል ነበር። ነገር ግን ስላንተ የዋሹት በአደባባይ ነው። ስለዚህ እኔም በአደባባይ እጽፍልሃለሁ።

አምባሩን መቼም አትረሳውም። ወረርሽኙ በገባበት ዓመት፣ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል፣ ሪከንባከር አየር ማረፊያ አጠገብ ያለው መጋዘናችሁ ለሠራተኛው ሁሉ ያደለው፣ እጅ ላይ የሚታሰረው ጥቁር ነገር። ሁለት ሰው ሲቀራረብ ይጮኻል፤ ስለዚህ በሽታው አይተላለፍም ተባለ። የሠራው ኩባንያ ከእንግዲህ በሥራ ቦታ የሚታመም ሰው አይኖርም እያለ ነበር የሚሸጠው። አንተ ሳምንት ሳይሞላህ «አማቴ» የሚል ስም አወጣህለት። ብትቀርብም ትቆጣለች፣ ብትርቅም ትቆጣለች እያልክ። እናቴን ለመንካት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ግን ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ነገሩ ግን እውነት ነበር። ሰው ሲቀርብህ አምባሩ ራቅ በል ብሎ ይጮኻል። ራቅ ብለህ ሰውየው እስኪያልፍ ስትቆም ደግሞ ያው አምባር፣ ይህ ሰው ሥራ ፈቶ ቆሟል ብሎ ለአለቃህ ያሳብቅብሃል። የጭነት ተጎታቹ ውስጥ ከባድ ዕቃ የሚወርደው ደግሞ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ነው። እናንተም መላ አገኛችሁ። አምባራችሁን ፈትታችሁ በየፎርክሊፍቱ፣ በየዕቃ ማንሻው ተሽከርካሪ ላይ ታንጠለጥሉታላችሁ። አምባሩ መጋዘኑን ሲዞር ይውላል፣ እናንተ በተዘጋው ተጎታች ውስጥ ትንፋሽ ለትንፋሽ ሆናችሁ ታወርዳላችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁላችሁም ተራርቃችሁ የምትሮጡ ትጉሃን ናችሁ። አለቆቹ እያዩ እንዳላየ ያልፉ ነበር አልከኝ፣ ለእነሱም ተመችቷቸዋልና። ይህን ስትነግረኝ ራትህን እየበላህ ነበር፤ እንደ ቀልድ ነው የነገርከኝ።

ከዚያ የአምባሩ ኩባንያ ሰዎች ካሜራ ይዘው መጡ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንተን መረጡ። አምባር ያሰረ እጅህን አንስተህ በእንግሊዝኛ «ቤተሰቤ ተረጋግቶ ይተኛል» እንድትል እየደጋገሙ አስባሉህ። ቤት ገብተህ አክተር አግብተሻል፣ እንግዲህ ቻይው ብለኸኝ ሶፋው ላይ ተዘረጋህ። ፊልሙ ሲወጣ ሦስታችንም አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን አየነው። አንተ ስትስቅ እጅህን አፍህ ላይ ታደርጋለህ። ልጅ ሆነህ ሐዋሳ ከዛፍ ወድቀህ የፊት ጥርስህ ከተሸረፈ ጀምሮ የያዘህ ልማድ ነው፤ እኔንም የገደለኝ እሱ ነው። ፊልሙ ላይ እጅህ ወርዷል። ጥርስህም ሙሉ ነው። ሊዲያ ነበረች መጀመሪያ ያየችው። «ዳዲ! ዜይ ፊክስድ ዩር ቱዝ!» ብላ ጮኸች። ሳይጠይቁህ በኮምፒውተር ጥርስህን ሞልተውልሃል። የነጻ ሕክምና ብለህ ሳቅህ፣ እጅህን አፍህ ላይ አድርገህ።

ብዙም አልቆየህም። ማሳል ጀመርክ፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠረህ፣ ከዚያ ሆስፒታሉ በር ላይ አውርደንህ ተመለስን። ነርሷ ታብሌቱን ይዛልህ ነበር የተሰናበትንህ። አፍህ በጭንብል ተሸፍኖ ስለነበር የመጨረሻ ፈገግታህን አላየሁም፤ ኖሮ ከሆነ። የቀብርህ ቀን ሰዉ ከየመኪናው ሳይወርድ ዘመረልህ። አብረውህ ዕቃ ያወርዱ የነበሩት ጋሼ ብርሃኑ ብቻ አላስቻላቸውም፤ ወርደው በረዶው ላይ ቆመው አለቀሱ።

አሁን ወደማታውቀው ልምጣ። ያንተን ሞት ሐዋሳ ላሉት እናትህ ማንም አልነገራቸውም።

ወንድምህ ዳዊት ነው የከለከለው። መርዶ ወግ አለው አለ። ሽማግሌ ማለዳ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ሰው ይከባል። በዚህ በሽታ ሰው በማይሰበሰብበት ጊዜ እማማን አርድተን ብቻቸውን በአራት ግድግዳ መሃል ልንተዋቸው ነው ወይ? ልክ ነበር፣ ምን ልበለው። ጆሯቸው ስለደከመ ድሮም ከአንተ ጋር ስልክ የሚያወሩት በዳዊት አፍ ነው። ታዬ ሥራ በዝቶበታል፣ ታዬ ስልክ የማያስገቡበት ቦታ ተቀጥሯል እያለ አቆያቸው። ትንሽ እንታገሥ የተባለው ወር ዓመት ሆነ።

በመሃል ኩባንያው ፊልሙን በሙዚቃ አሳምሮ እንደገና በተነው። ሰው ለሰው እየላከው ሐዋሳ ደረሰ። እማማ አንተን አዩ። የምትለው ባይሰማቸውም ስትስቅ አዩ። ልጄ አምሮበታል፣ ጥርሱን እንኳ አስጠግኗል፣ አሜሪካ ደግ አገር ናት ብለው መረቁ። ከዚያ ወዲህ ስላንተ መጠየቅ ተዉ። ሲከፋቸው የዳዊትን ስልክ ተቀብለው ፊልሙን ያያሉ፣ ስክሪኑን ይስማሉ። ዳዊት ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ እፎይታ ሰማሁ። ተናደድኩበት፤ ግን እኔም ዝም አልኩ። ኩባንያው ዕቃ ሊሸጥበት የሠራው ውሸት ለእኛም ጠቀመን፣ ታዬ። ከሁሉ የሚያመኝ ይህ ነው።

ዝም እንዳልኩ እኖር ነበር መሰለኝ፣ አምባሩ እኔ ዘንድ ባይመጣ። በዚህ ዓመት የበረዶው ወራት ሳይወጣ፣ እኔ የምሠራበት ሉዊስ ሴንተር ሰፈር ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ሠራተኛውን ሁሉ ምግብ አዳራሹ ሰበሰበ። አዲስ ቴክኖሎጂ ልናስገባ ነው አሉ። መብራቱ ጠፋ፣ ግድግዳው ላይ አንተ በራህ። ከኔ ቁመት ሁለት እጥፍ ሆነህ፣ በማላውቀው ጥርስ እየሳቅህ፣ ቤተሰቤ ተረጋግቶ ይተኛል አልከኝ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ወንበሩን ይዤ ተነሳሁና ይህ ሰው ባሌ ነው፣ ሞቷል አልኩ። አለቃዬ ያልሰማች መሰለኝና ደገምኩት። ከዚያ እንዴት ወደ መኪናዬ እንደሄድኩ አላስታውስም።

በሳምንቱ ጋሼ ብርሃኑ አንዲት ጋዜጠኛ ይዘውልኝ መጡ። የከተማው ሬዲዮ ላይ ስለ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች፣ ሻጩ የማይናገረውን ከሠራተኛው አፍ እየሰማች የምትሠራ ልጅ ናት። በሽታው መጋዘኑ ውስጥ ነው ወይ የያዘው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ከዚያ ይሁን፣ ከሱቅ ይሁን፣ ከእኔም ሥራ ይሁን ማን ያውቃል? እኔ የማውቀው አምባሩ ፎርክሊፍት ላይ ተንጠልጥሎ ሲውል ባሌ ተጎታች ውስጥ እንደነበር ነው፤ ፊልሙ ደግሞ ይህን እንደማይናገር ነው። እሱ ይበቃል፣ ከምናውቀው አንድ ቃል አንጨምርም አለችኝ። ያን ጊዜ አመንኳት። ጋሼ ብርሃኑም (እዚህም የጻፍኩት እውነተኛ ስማቸው አይደለም፣ አንተ ታውቃቸዋለህ) ስሜ ይቅር እንጂ ድምፄን ውሰጂ አሏት።

አንድ ነገር ግን ለመንኳት። እናቱ ሳይረዱ እንዳይተላለፍ፤ ይህ ወሬ እንደ ፊልሙ ሐዋሳ ቢደርስ የልጃቸውን ሞት ከስልክ ላይ ሊያዩት ነው። መርዶ ምን እንደሆነ አስረዳኋት። እስክደውልልሽ እጠብቃለሁ አለች፤ ጠበቀችም። ዳዊት መጀመሪያ ጮኸብኝ። ደስታቸውን ልትቀሚያቸው ነው ወይ አለኝ። ደስታቸው የሚሸጥ ዕቃ ነው አልኩት። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹን ላናግር አለ።

ማለዳ ሄዱ። እኔ በቪዲዮ እያየሁ ነበር፣ ዳዊት ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞልኝ። እማማ በር ከፍተው የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያዩ ማነው ብለው ጠየቁ። ስምህ ተጠራ። አላለቀሱም። ተሳስታችኋል አሉ፣ በትህትና። ልጄን ትናንት ማታ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው። ዳዊትን ስልክህን አምጣ አሉትና እኔን ከስክሪኑ አጥፍተው አንተን ከፈቱ። መስመሩ ስላልተቋረጠ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። እያንዳንዱን ሽማግሌ እየዞሩ አሳዩ። «ይሄ የሚስቀው ማነው ታዲያ?» አሉ።

ዳዊት እኔን ወደ ስክሪኑ መለሰኝና ስልኩን ፊታቸው ላይ ያዘው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ቢነገርም አይሰሙኝም። ስለዚህ በምልክት ሞከርኩ። ጣቴን የፊት ጥርሴ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅሁ፣ አልተጠገነም፣ አልተጠገነም እያልኩ። ከዚያ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ፣ አንተ እንደምትስቀው። እንባዬ እየወረደ ሳቅሁላቸው። እማማ ትክ ብለው አዩኝ። ወደ ፊልሙ ሳይመለሱ ስልኩን ለዳዊት ሰጡት። «የኔ ልጅ እንዲህ ነው የሚስቀው» አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን አልጽፍልህም፣ ታዬ። ከዓመት በላይ የተጠራቀመ ለቅሶ ነበር።

ዝግጅቱ ተላለፈ። የሚጀምረው በእናትህ ድምፅ ነው። ዳዊት ጠይቋቸው፣ ፈቅደው፣ ያችኑ ጥያቄ በአማርኛ ደገሟት፦ ይሄ የሚስቀው ማነው? ሊዲያ ናት በእንግሊዝኛ የተረጎመችው። ያቺ ለጥሪ እንኳ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅህ የአያቷን ቃል አንድም ሳትጥል አደረሰችው።

ምን ተለወጠ ብትለኝ ትንሽ ነው። ኩባንያው በጣም አዝነናል፣ ደህንነት ቀዳሚ ዓላማችን ነው የሚል መግለጫ አወጣ። ፊልሙን ከየቦታው አነሳው። በሳምንቱ ሌላ ፊልም ወጣ፤ ሌላ ሰው እጁን አንስቶ ይስቃል። እሱም ሚስት ይኖረው ይሆናል። እኔ ጋ አምባሩ ለጊዜው ይቆይ ተባለ፤ አለቃዬ ግን እንደ ድሮው ሰላም አትለኝም። ጋሼ ብርሃኑ እጅ ላይ አምባሩ ዛሬም አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ጠርቷል፣ ተመስገን። የጠራው ግን አንተን አልመለሰልኝም።

እማማ አሁን ፊልም አያዩም። እሁድ እሁድ በቪዲዮ እንገናኛለን። የማወራው ስለማይሰማቸው ብዙ አልናገርም፣ እሳቸውም ብዙ አይጠይቁኝም። ጣታቸውን ጥርሳቸው ላይ ያደርጉና ይጠብቁኛል። እኔም እጄን አፌ ላይ አድርጌ ስላንተ እስቅላቸዋለሁ። ባለፈው እሁድ ሊዲያ ከኋላዬ መጥታ ቆመች፤ በስክሪኑ ጥግ ሳያት እሷም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። እኔ ብደክም እሷ ታውቀዋለች። በዚህ ቤት ሙሉ ጥርስ ያለው ታዬ አይታሰብም፣ ቃሌ ነው።

እስክንገናኝ የማትረሳህ፣
ሰብለ