ብስክሌቱን ለማን ላስረክብ

ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለቢሆነኝ፣

የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን፤ ናፍቆትህ ብቻ አልለቀቀንም።

ትተኸው የሄድከውን ብስክሌት ለምጄዋለሁ። ጠዋት ውርጩ ሲቀልጥ ከቤታችን በታች በታጨደው የገብስ ማሳ እዞርበታለሁ። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ግን ደስ ይለኛል። አባታችን ድሮ ይቆጡ ነበር፤ አሁን ሰንሰለቱን ራሳቸው ዘይት ቀቡልኝ። ትናንት ጎረቤታችን እትዬ ብርቅዬ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ በቅሎሽ ገብስ ይበላል?» ብለው ሳቁብኝ። እናታችን ግን፣ «ተያት፣ እስከ ጥምቀት ትጫወት» አለቻቸው።

ባለፈው እሑድ ከኩልመስክ ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። አንዱ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ግቡ ቢባሉ እምቢ ብለው ደጅ ቆሙ። አባታችን ወጥተው ካነጋገሯቸው በኋላ ግን ገብተው ተቀመጡ፣ ጠላም ጠጡ። ከዚያ ወዲህ እናታችን ጌሾ ትወቅጣለች፤ ለእኔም ነጭ ቀሚስ እየተሰፋልኝ ነው። ማንንም ምንም አልጠየቅሁም። አራተኛ ክፍልን የምጨርሰው ሰኔ ላይ ነበር።

ሰሞኑን ሌሊት እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ቶሎ ይደክመኛል። ትንሿ ዳገት ላይ እንኳ ወርጄ እየገፋሁት ነው የምወጣው። የኩልመስክ መንገድ ደግሞ ድንጋያማ ነው፣ ለብስክሌት አይሆንም አሉ። ስለዚህ ለማን እንደማስረክበው ጻፍልኝ። ከቻልክ ግን ለገና ራስህ ና። ከጥምቀት በፊት ይሁን። አባታችን አንተ ስትናገር ይሰማሉ።

መድኃኔዓለም በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ።

መንገድ መንገዱን የምታይ ታናሽ እህትህ፣
የሻረግ