በበራችን ላይ ስለተለጠፈው የብዝኃነት ካርድ

ለክቡር የተማሪዎች አገልግሎት ዲን፣

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ እኔም እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ይህን የምጽፍልዎት የብዝኃነት ሳምንትን ምክንያት በማድረግ በየመኝታ ክፍላችን በር ላይ ላስለጠፉልን ባለቀለም ካርድ ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው። የእያንዳንዳችን ስም፣ የመጣንበት አካባቢና የአፍ መፍቻ ቋንቋችን በጉልህ በመጻፉ እንግዶችዎ ስብጥራችንን አይተው ተደስተዋል፤ ፎቶም አንስተዋል። ከእነርሱ በኋላ በኮሪደሩ ያለፉት ሰዎች ግን ፎቶ ስላላነሱ፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች ላቀርብልዎት ተገድጃለሁ።

1. ማክሰኞ ከክፍል ስመለስ፣ በካርዱ ላይ ካለነው አራት ልጆች የእኔ ስም ብቻ በቀይ ተከቦ አገኘሁት። የሕንፃው ጥበቃ «በቀይ ከሆነ የከበበው አስተማሪ ይሆናል» ብሎ ስላጽናናኝ ምስጋናዬ ይድረሰው።

2. ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ትንፋሼን እውጣለሁ፤ ሻወር ቤት እንኳ ያለ አጃቢ አልሄድም። እናቴ ስትደውል ሰው እንዳይሰማኝ ፈርቼ በቤታችን ቋንቋ መመለስ ስላቃተኝ «ልጄ፣ ምን አስቀየምኩህ?» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

3. በዶርማችን «ዶክተር» እያልን የምንጠራው ጓደኛዬ ካርዱን ገንጥሎ በምትኩ ሌላ ለጠፈ። በአዲሱ ካርድ አራታችንም የእኔ አካባቢ ልጆች፣ አራታችንም የእኔን ቋንቋ ተናጋሪዎች ሆንን። «እንግዲህ ከመጡ ይምረጡ» ብሎ ተኛ። በማግስቱ ጽሕፈት ቤትዎ የክፍሉን ስብጥር አጥፍተሃል ሲል ማስጠንቀቂያ ጻፈለት፤ የቀድሞውንም ካርድ እንዳይቀደድ በፕላስቲክ አስለብጦ መለሰልን። ቀዩ ክብም ከነግርማው ከፕላስቲኩ ሥር አለ፤ ስለ ጥራቱ እናመሰግናለን።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ፌዙን ልተወው። ካርዱ ዛሬውኑ ይነሳልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

በክቡርነትዎ ጥላ ሥር በሰላም እንደሚኖር ራሱን ለማሳመን የሚታገለው፣
ከአራቱ አንዱ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በእጅዎ ለመስጠት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። በበርዎ ላይ የትውልድ ስፍራዎም ሆነ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎ አልተጻፈም፤ የቆመው ዘበኛ ብቻ ነው። እሱም ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ ደብዳቤውን እንደያዝኩ ተመለስኩ፤ በአደባባይ የጻፍኩልዎትም ለዚህ ነው።