ማንኪራ ያወረድኩት መንፈስ

ማክሰኞ፣ መስከረም 8። ማታ

ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ፊልሙ እስኪያልቅ በማይክ ጮህኩ። ታውቀኛለህ ማስታወሻዬ፤ የታደለ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነኝ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ያወራል፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ በአማርኛ እከተላለሁ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከመዝገበ ቃላትና ከመድኃኒት ካርቶን ነው። ያልገባኝን እሞላለሁ። ሕዝቡም የሚወደው የሞላሁትን ነው።

የዛሬው ካሴት የመንፈስ ነው። ጫካ ውስጥ ያለ ቤት። ነጭ የለበሰች የሞተች ሴት መስኮት ላይ ፊቷን ትለጥፋለች። ፊት የተቀመጡት ጎረምሶች ሳቁብኝ። "ጋሽ ደምሴ፣ የፈረንጅ መንፈስ ቦንጋ ድረስ ምን አመጣው? መኪናም አያገኝ!" እልህ ያዘኝ። የት መሰላችሁ፣ ይሄ እኮ እዚሁ አጠገባችን ያለው የማንኪራ ጫካ ነው አልኩ። ከዚያ ማን ያቁመኝ? ሴትዮዋን መምህርት አደረግኳት። በመምህራን ቤት ብቻዋን ስትኖር፣ ሙታን እሳት ልንጭር ብለው ገብተው ወሰዷት። በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ ሁሉ አስጮህኳት። ሳቁ ቆመ። አንዱ ጎረምሳ ጃኬቱን ተከናነበ። ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ 9

ጉድ ፈላ። የእህቴ ልጅ አስቴር ለካ ትናንት ከኋላ ተቀምጣ ነበር። የመምህርነት ምደባዋ ደርሷት፣ ልታበስረኝ መጥታ። የተመደበችው የት? ማንኪራ። ብቻዋን፣ በመምህራን ቤት። አሁን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሄድም ብላለች። ሰኞ ካልተገኘች ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ የወረዳው ት/ጽ/ቤት ቁርጡን ነግሯታል። ስንት ጊዜ ቤት ተቀምጣ የጠበቀችው ሥራ!

እህቴ እትዬ ዘነበች ደጄ ላይ ቆማ ሰፈሩን ሰበሰበች። "ሸምግለህም አትበስል! ልጄን ለሰይጣን ዳርክልኝ!" ጴንጤ ናት፤ ፊልም ሁሉ ለእሷ የሰይጣን ነው። በሩን ዘግቼ ጓዳ ገባሁ። እኔ!

ሐሙስ፣ 10

ለአስቴር እውነቱን ነገርኳት። ማንኪራም፣ መምህርትም ፊልሙ ውስጥ የሉም፤ ሁሉም ከኔ አፍ የወጣ ነው። አላመነችኝም። "አሁን ነው የምትዋሸኝ ጋሼ፣ ልታጽናናኝ ብለህ" አለች። የፊልሙን ድምፅ ደግሞ ማይኬ ውጦታል፤ በጆሮዋ የሰማችው እኔን ብቻ። አልፈርድባትም። ልጅ ሳለች ዛፍ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች የጦጣ ቤት ናቸው ብያት ት/ቤት ተስቆባታል። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ለክፉ ቀን የሚሆን እውነት አላስቀመጥኩም።

ዓርብ፣ 11

ታደለን ለመንኩት። ካሴቱ ነገ በድጋሚ ይታያል። ያለኔ። አስቴር እመጣለሁ ብላለች፣ በግድ። እንግሊዝኛዋ ከኔ ይሻላል፤ በኮሌጅ የተማረችው ነው። እንቅልፍ የለኝም። ፊልሙ እኔ ካልኩት የባሰ ቢሆንስ? ግማሹ እኮ አልገባኝም!

ቅዳሜ፣ 12። ከመሸ

እፎይ!

ከቀኑ 10 ሰዓት ጀመረ። ጢም ብሎ ሞልቷል። እትዬ ዘነበች መጽሐፍ ቅዱሷን ታቅፋ ፊት ወንበር ያዘች፣ ዓይኗን ጨፍና። እኔ ከኋላ፣ አፌን ይዤ። ሕዝቡ ተርጓሚ ካልመጣ ብሎ ወንበር ይደበድባል። ታደለ ማይኩን ወደኔ ሲዘረጋ አስቴር፣ ደግሞ ልታጽናናኝ ነው ብላ ቀማችው። የሞተችው ሴትዮ መስኮቱ ላይ ብቅ አለች፤ ውስጥ አንድ ልጅ ተኝቷል። አስቴር ወደ በሩ ዞር አለች። በቃ ልትሮጥ ነው ስል፣ "ልጁ በርዶታል… ብርድ ልብሱ ወድቋል፣ አልብሱት ነው የምትለው" አለች።

ሴትዮዋ ሌላ የምትለው የላትም። ፊልሙን ሙሉ ይህንኑ ነው የምትደጋግመው፤ የሚሰማት የለም እንጂ። እህቴ ዓይኗን ገለጠች። "እናት ናት እንዴ? ታዲያ አያለብሱትም? እናንተ! አልብሱት!" ቴሌቪዥኑን ትቆጣለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስቴር እየሳቀች ጸጥ በሉ አለቻቸው፣ ጎረምሶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ዝም። ድምጿ ገና ከአሁኑ የአስተማሪ ነው። ከደረቴ ድንጋይ ወረደ።

ፊልሙ ይታያል ወይ ብትለኝ፣ ይታያል። መሃሉ ይንዛዛል፤ ደሙም ድልህ ነው የሚመስለው። ግን ያቺ እናት እኔንም ዓይኔን አስጠረገችኝ። ተርጓሚ መርጦ መግባት ነው።

ሰኞ፣ 14

ፍራሿን ተሸክሜ ማንኪራ አደረስኳት። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ርዕሰ መምህሩ ቁልፍ ሰጣት፤ ጎረቤቷ ማር በቅጠል ይዛ መጣች። አስቴር ሳይመሽብህ ሂድ፣ የምትፈራው አንተ ነህ አለችኝ። እውነት ይጻፍ፦ መንገድ ላይ ጉሬዛ ቅርንጫፍ ሲያስጮህ ሮጫለሁ።

ወስኛለሁ። ከእንግዲህ ሙታን ያሉትን ብቻ እተረጉማለሁ፤ ያልገባኝን ዝም። ስለ ሕያዋን ግን ቃል አልገባሁም። ለምሳሌ እትዬ ዘነበች የሚቀጥለው ፊልም መቼ ነው ብላ በድብቅ ሰው መላኳን ነገ ለጸሎት ጓደኞቿ መተርጎሜ አይቀርም።