በሁለቱ ቀበቶ መሀል

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ጋዜጣ የሚታተምበት ቀን። እንደሁሌው በሁለቱ የማሽን ቀበቶ መሀል ቆሜ ዋልኩ። አንደኛው የታጠፈውን ጋዜጣ ከማጠፊያው ያመጣል፣ ሁለተኛው ተቀብሎ ወደ ማሰሪያው ይወስዳል። መሀላቸው ጋት የማይሞላ ክፍተት አለ። ጋዜጣውን ቆንጥጠው የሚያሻግሩት ሁለት ብረቶች እዚያ ይሽከረከራሉ፣ ከላያቸው ክዳን አለ። የኔ ሥራ ማየት ነው። ሲጣመም ማቃናት፣ ሲታነቅ ማቆም።

ዛሬ አስራ አንድ ጊዜ ታነቀ። በታነቀ ቁጥር ማሽኑን አቁም፣ የክዳኑን አራት ብሎን ፍታ፣ የተጨማደደውን አውጣ፣ መልሰህ ግጠም... ሥራ አስኪያጁ ሸምሱ ሰዓቱን እያሳየኝ፣ «የባቲው መኪና አመለጠን እኮ ነኢማ!» አለ። ምን ላድርግ? ያለኝ ሁለት እጅ ነው።

ቤት ገብቼም አላረፍኩም። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። እማ «ምን ያቁነጠንጥሻል?» አለችኝ። እኔስ መች አውቄው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ክዳኑን ፈታሁት። ጠዋት፣ ማንም ሳይገባ። ከወረቀት ጥቅልሎቹ ጀርባ አቆምኩት።

ሲታነቅ በጣቴ መዘዝ... አለፈ። ማሽኑ አንዴም አልቆመም። ከዙህር በፊት ጨረስን! ሸምሱ «ማሻአላህ፣ ዛሬ ምን በልተሽ ነው?» አለ። ሳቅኩ። ነገ እገጥመዋለሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 14

አልገጠምኩትም። ረሳሁት... ረስቼው ነው ወይስ ትቼው?

አርብ፣ ጥቅምት 21

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ዙህር ልሰግድ ስወጣ ማሰሪያው ላይ የምትሠራውን ረቢአን «አምስት ደቂቃ ቁሚልኝ» አልኳት። ጓደኛዬ ናት፣ እሺ አለች። ስለ ክዳኑ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ለምን? አንድ ቃል እኮ ነበር...

ሱጁድ ላይ እያለሁ ጩኸቷን ሰማሁ።

ቀኝ እጇ ነው፣ ክዳን በሌላቸው ብረቶች መሀል ገብቷል። በባጃጅ ወሰድናት። «ሀርካ ኮ... እጄን ነኢማ፣ እጄን...» እያለች ጉልበቴ ላይ ተኛች። ደሟ ቀሚሴን አራሰው። ሐኪሙ ከሁለት ጣቶቿ ጫፍ ጫፉን ቆረጠ። በዚህ እጅ ነው ለሙሽሮች ሂና የምትስለው። ከጨፋ እስከ ሰንበቴ እየጠሯት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሸምሱ ሁላችንንም ሰበሰበ። «ክዳኑን ማን ፈታው?» አለ።

«ማሽኑን ጥቅምት 12 ያጸዳው ማነው?» አለ ደግሞ።

ጋሽ ኑርሁሴን ነው። መካኒካችን፣ ማሽኑን ከመጣ ጀምሮ የሚያውቀው። «እኔ ገጥሜዋለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ወላሂ የገጠምኩ ይመስለኛል።» ሸምሱ ከሥራ መታገዱን ነገረው። ሽማግሌው መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተተና ወጣ።

ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወደ ቀበቶዬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ረቢአ ጋ ሄድኩ። ልነግራት ነበር የሄድኩት። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ፣ በዚያ በተጠቀለለ እጇ ቦታ እያሳየችኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሌሎቹ ጣቶቼ አሉ።» ቀጥላ ደግሞ «በጋሽ ኑርሁሴን ግን አዘንኩ። እንዴት ሳይገጥመው ይሄዳል?»

ሻዩን ጠጣሁ። ወጣሁ። ምንም አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

እንቅልፍ የለም። ከሰዓት በኋላ እስከ ቦርከና ወንዝ ሄጄ ተመለስኩ። ማሽላው አፍርቷል፣ ሰው ወፍ ያባርራል። ምን ልሠራ ሄድኩ? እንጃ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ሸምሱ ቢሮ ገባሁ። ሳልቀመጥ «ክዳኑን የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ቀና አላለም። «አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«የፈታሽው ቀን አይቻለሁ። ጋዜጣው በጊዜ ወጣልን፣ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ጋሽ ኑርሁሴንን...?»

«እሱ ጡረታው ደርሷል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ዝም በይና ሁላችንም እንረፍ።»

እንረፍ አለ። ማን ነው የሚያርፈው?

አርብ፣ ጥቅምት 28

ከጁምዓ በኋላ ረቢአ ጋ። በር ላይ እንደቆምኩ ነገርኳት፣ ከተቀመጥኩ የምችል ስላልመሰለኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጋሽ ኑርሁሴን ሰምቷል?»

«ገና።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ ለሱ ንገሪው!»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ጋሽ ኑርሁሴን ግቢው ውስጥ የጎረቤት ውሃ መሳቢያ ፈታትቶ ተቀምጧል። ነገርኩት። የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ እነዚያን አራት ብሎኖች ሳምንቱን ሙሉ በሐሳቤ ስገጥማቸው ከረምኩ። ሦስቱን አስታውሳለሁ፣ አራተኛው ላይ እጠፋለሁ። አረጀሁ፣ የሰው ልጅ እጅ አስቆረጥኩ ብዬ...» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ይሄንን መፍቻ ዛሬ ነው የያዝኩት። እሱም እየፈራሁ።»

አለቀስኩ። እሱ አላባበለኝም። «ተነሽ» አለኝ፣ «ሐጂ በድሩ ጋ እንሂድ።»

ሐጂ በድሩ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ሸምሱን አስጠሩት። የኔንም፣ እሱ አይቶ ዝም ማለቱንም ፊቱ ተናገርኩ። «ዋሸች?» አሉት። ሸምሱ የቢሮውን ቁልፍ አውጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጋሽ ኑርሁሴን ወደ ሥራው ተመለሰ። ሐጂ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ይቅርታ ጠየቁት አሉ። ሸምሱ ከኃላፊነቱ ተነሳ። እኔ ተሰናበትኩ። ተገቢ ነው... ግን ሐሙስ ነው ዛሬ። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ። ረቢአ ስልክ አታነሳም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ረቢአ መጣች! እማን ሰላም ብላ፣ እኔን ሳታይ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የጉዳት ካሳ መጠየቂያ ቅጽ ነው።

«አፉ አላልኩሽም» አለች። «እስክሪብቶ መያዝ አቅቶኝ ነው። ያንቺ ጽሑፍ ደግሞ ይነበባል።»

እሷ እየነገረችኝ ጻፍኩ። ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን። «የአደጋው ምክንያት» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ምን ልበል?»

«የሆነውን።»

ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩት። ክዳኑን እንደፈታሁ፣ እንዳልነገርኳት... ሁሉንም። ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ እያንዳንዱን ቃል ታነባለች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ጫን ብለሽ ጻፊው» አለችኝ። «ከስሩ ካርቦን አለ።»