አባትሽ ያልሰጡት ኳስ

ልጄ ሶልሂ፣ ጤናሽ ይብዛ፣ በሃምቡርግም መልካም ሰው ያጋጥምሽ። እኔ ጉልበቴ ተሽሎኛል። የጓዳው ጣሪያም ተጠገነ።

አባትሽ ግን ቅዳሜ ከቤዝቦል ከተመለስን ወዲህ ከቤት አልወጡም። ዘጠኙ ዙር እኩል አልቆ ጭማሪ ላይ ነበርን። በአሥራ አንደኛው ዙር ከሜዳ የወጣ ኳስ እጃቸው ገባ። የከተማችንን የቡሳንን ሰው ታውቂዋለሽ፣ ተመልካች የያዘው ኳስ ለልጅ ይሰጣል ባይ ነው፤ ስታዲየሙ በሙሉ «ለልጅ ስጥ!» እያለ ጮኸ።

«እኔም ልጅ አለችኝ!» አሉ ኳሱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው።

«ስንት ዓመቷ ነው፣ አባባ?» አለ ከኋላችን የተቀመጠ ጎረምሳ።

«ሠላሳ ስድስት።»

«በዚህ ዕድሜዋማ ሰጪዋ እሷ ናት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወዲያው የእኛ ተጫዋች ቀላል ኳስ ከጓንቱ አመለጠው፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። አባትሽ «በእኔ ስስት ነው» ይላሉ። አርባ ዓመት ያልቀሩበትን ስታዲየም ዳግመኛ አልረግጥም ብለዋል።

ደጅሽ የሰላም ይሁን፣ ልጄ። እባክሽ እሑድ ደውይላቸውና ኳሱን እንደምትፈልጊው ንገሪያቸው። በፖስታ ልላከው ካሉሽ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ በያቸው። ከመጣሽ አራት ዓመት ሆነሽ። የማትመጪ ከሆነ ግን ይህን አትበያቸው።

እናትሽ