ጩኮውን ከበላሁ ወዲህ

የካቲት 3፣ ማክሰኞ። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬም ውሃ የለም። የውሃ መሐንዲስ ቤት! የሮቤ ከተማ ሁሉ ይሳቅብኝ። መ/ቤት የፓምፕ ጨረታ ስናነብ ዋልን። ዓይኔ ፈዟል።

ከሥራ በኋላ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። ታውቃለህ፣ ደብተሬ፣ ባሕር ማዶ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ (ዩ. ልበለው) ከስንት ሺህ አመልካች ጥቂቱን ነው የሚመርጠው። በየአገሩ ያለን የቀድሞ ተማሪዎች አመልካቾችን እናነጋግራለን፣ አስተያየት እንልካለን፣ በቃ። መወሰን የእኛ አይደለም። ተስፋ መስጠት ክልክል ነው፤ ፈርሜበታለሁ።

የዛሬዋ ኢፍቱ ትባላለች። የዲንሾ ልጅ። እዚህ አክስቷ ቤት ሆና 12ኛ ትማራለች። ኬክ ቤት ተቀመጥን። እዚያ አገር አስተማሪን ሁለቴ "ለምን" ማለት ይቻላል ወይ አለችኝ። እዚህ የሚፈቀደው አንዴ ነው አለች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እንዴት ያለች ልጅ ናት!

ልንነሳ ስንል ጠየቀችኝ። ዩ. ለአንዳንዶቹ ከውሳኔው በፊት "ሳንቀበልሽ አንቀርም" የሚል መልእክት ይልካል ሲባል ሰምታለች። እውነት ነው? እውነት ነው አልኩ። ለጥቂቶች ይልካል፣ በዚህ ሰሞን። እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። አንቺ ደግሞ መልእክት ምን ያደርግልሻል፣ ይልቅ ካፖርት አዘጋጂ ብዬ ጠቀስኳት። በዓይኔ! እንደ ደላላ!

ፊቷ በራ። እኔም ደስ አለኝ። የገነትን ቁልፍ የያዝኩ መሰለኝ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ጉድ ሆንኩ። የኢፍቱ አባት መጡ፣ ሐጂ ከድር። ከዲንሾ፣ በሚኒባስ፣ ጭናቸው ላይ ጩኮ የሞላ ቆሪ ይዘው። ደብተሬ፣ ደሴ የተገዛህ ስለሆንክ ላስረዳህ፤ ጩኮ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የሚታሽ ነው፣ ለክብር ሰው የሚቀርብ። ቆሪ የእንጨት ዕቃው ነው፣ ክዳን ያለው።

ስላበሰርሽን ነው አሉኝ። ገና አልተወሰነም ማለት ጀመርኩ። ሳቁ። ትልቅ ሰው የሚያውቀውን ይደብቃል፣ ጨዋነት ነው አሉ። ዱዓ አደረጉልኝ፤ ለእናቴ፣ ለአባቴ፣ ገና ላልወለድኳቸው ልጆች ሁሉ።

ከደጅ የመጣ ምግብ አይመለስም። ግን ለምስራች የመጣ ምግብ ከተቀበልክ ምስራቹን አጸናህ ማለት ነው። ይህንን አውቃለሁ። አምስት ዓመት ባሌ ኖሬያለሁ፣ እንዴት አላውቅም? ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

የካቲት 8፣ እሁድ

ቅበላ። ከነገ ጀምሮ ቅቤ የለም። ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ቆሪውን ጠረግነው። እንዴት ይጣፍጣል! የማን ነው ሲሉኝ የአንዲት ጎበዝ ተማሪ ቤተሰብ ነው አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ባዶውን ቆሪ ግን ሳላጥብ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ረመዳንም ገባ። እኛም ጾመኛ፣ እነሱም ጾመኛ።

ኢፍቱ ደወለች። ሌላ ዩ. ተቀብሏታል፣ እስያ ያለ፣ ሙሉ ወጪዋን ሊችል። ይሄ ምልክት ምናምን አይደለም፣ ያለቀለት ነው። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ብለዋታል። እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የቀረውን ነገረችኝ። አባቷ አይሆንም ብለዋል። ለአንዱ ቃል የሰጠች ልጅ ለሌላው እሺ አትልም፤ በታጨች ላይ አይታጭም፤ ጩኮው እንደሆነ ተበልቷል። እሷም እምቢ ብላ ልትጽፍላቸው ነው። ግን አንቺ ምን ትያለሽ አለችኝ።

አንዲት ቃል በቂ ነበረች። ውሸቴን ነው ማለት ብቻ። ኔትዎርኩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁት።

ኔትዎርኩ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነበር።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ትናንት ማታ በተማርኩበት ዩ. ላለችው የቃለ መጠይቅ አስተባባሪ ጽፌ ነበር። ጠዋት መለሰችልኝ። ከውሳኔው በፊት የሚላከው የዘንድሮው መልእክት ተልኮ አልቋል። ያልደረሳቸውም ተስፋ አይቁረጡ፣ ውሳኔው መጋቢት ላይ ነው። መጨረሻው ላይ፦ ለምን ጠየቅሽ?

ለኢፍቱ አልደረሳትም። ቢደርሳት ትነግረኝ ነበር።

መ/ቤት ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን የምታጠብበት ውሃ የለም። ወጥቼ ለኢፍቱ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። አክስቷን ብጠይቅ ኢፍቱ ዲንሾ ሄዳለች አሉኝ። አሥሬ ደወልኩ። አሁን በእውነት ኔትዎርክ የለም። ይበለኝ!

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትል ነበር እናቴ። እኔ ጭራሽ በቅቤ የታሸውን በላሁበት።

ነገ እሄዳለሁ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ። ማታ

ቆሪውን አጥቤ፣ ባዶ ዕቃ አይመለስምና ቴምርና ስኳር ሞልቼ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ዲንሾ ስወርድ ሁሉም ጠፋኝ።

ሐጂ ከድር በሩ ላይ እጃቸውን ለምርቃት አንስተው ጠበቁኝ። ሳይጀምሩ በአላህ ይሁንብዎ፣ አይመርቁኝ አልኳቸው። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። የማውቀው ነገር የለም። ሥልጣንም የለኝም። ያልኩት ሁሉ ከራሴ ነው። የእስያውን አትተዉት፣ ዛሬውኑ እሺ በሉ።

እናትየዋ አማርኛው ያመለጣቸው መሰለኝ፣ ባላቸውን በኦሮምኛ ጠየቁ፣ ባላቸውም ነገሯቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ኢፍቱ ትናንት ከጁምዓ በኋላ እምቢ ብላ ጽፋለች። መልሰሽ ትደውያለሽ ብላ ጠብቃ ነበር። ዝም ስል ተስማምታለች ብለው ወሰኑ።

እዚያው መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ኢፍቱ መሬት መሬቱን እያየች አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦

"ታዲያ ለምን ጠቀሽኝ?"

ትልቅ ሰው መስዬ ልታይሽ ፈልጌ ነው አልኳት። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም። ለሁለተኛው "ለምን" ተዘጋጅቼ ነበር፣ እሷ ግን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። ለእስያው ዩ. በራሴ ስም ጻፍኩ፤ ልጅቷ እምቢ ያለችው እኔ ስለዋሸኋት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሰጣችኋት ቀን ሰኞ ነውና እምቢታዋን እንድታነሳ ፍቀዱላት። እሷም ከሥሩ የራሷን ጻፈች። ሐጂ ተርጉሚልኝ አሉ። "ስለዋሸኋት" የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። ቸኮልኩ በይ አሉኝ። እንግዳ በቤቴ ስሙ አይጠፋም አሉ። ምነው ቢሰድቡኝ! እንባዬ መጣ። አይ ሐጂ፣ ዋሽቻለሁ አልኩ፣ ቃሉን እንዳለ ተውኩት። ሚኒባስ ማቆሚያው ድረስ ወርደን ኔትዎርክ ስናገኝ ላክነው።

ልመለስ ስል እናትየዋ ቆሪውን መልሰው አስታቀፉኝ። ጩኮ ሞልተውታል! ጾመኛ ነኝ አልኩ። አይበላሽም፣ ፋሲካ ድረስ ይቆያል አሉኝ። አልሳቁም፣ አልተቆጡምም።

የካቲት 15፣ እሁድ። ከሰዓት

ለአስተባባሪዋም "ለምን" ላለችው መልስ ሰጠሁ። ያደረግኩትን ሁሉ ጻፍኩ። ከጠያቂነት ያነሱኛል። ያንሱኝ።

ከእስያ መልስ የለም። እሁድ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ቆሪው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ውሃ ልቀዳ ባለፍኩ ቁጥር ያየኛል። ወስኛለሁ፤ ጾሙ ቢፈታም ክዳኑን አልነካም፣ ኢፍቱን እሺ እስኪሏት። እምቢ ካሏት ደግሞ እንደሞላ ተሸክሜው ዲንሾ እወጣና

ስልክ ነው። ኢፍቱ ናት።

ኔትዎርኩ ጥሩ ነው። አነሳዋለሁ።