በገዛ ቤቴ የአንድ ሰዓት እንግዳ ስለመደረጌ

ለተከበሩ አማቼ፣ የቤታችን ኔትወርክ ዋና አስተዳዳሪ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለልጄ፣ እንዲሁም ኮርኒስ ላይ ተለጥፈው ለሚያፈጡብን ሦስት ነጫጭ የዋይፋይ ሰሐኖችዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። በወትሮው አንተ የምለውን ሰው ዛሬ እርስዎ ማለቴ እንዳይገርምዎ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአለቆች ጸሐፊ ስለነበርኩ ለባለሥልጣን እንዴት እንደሚጻፍ አልጠፋኝም፤ እርስዎም እነዚያን ዕቃዎች ከአንድ የተዘጋ ሆቴል ጨረታ ገዝተው ከመጡ ጀምሮ ባለሥልጣን ሆነዋል። ደብዳቤው ለሁሉም ግልጽ እንዲሆን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነቱ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ሦስት ሰው ለምንኖርበት ቤት አንድ ሆቴል ሙሉ ሕዝብ የሚያስተናግድ የዋይፋይ መሣሪያ ተክለውልናል። ከመንገድ የሚገባልን መስመር ግን ያው የድሮው ቀጭን መስመር መሆኑን ልጄ ስታነሳብዎ፣ ጉሮሮዎን ጠርገው ወደ ኮርኒሱ ማየትዎን አስታውሳለሁ። ሁሉንም የሚያገናኘው ሳጥን አንሶላዎቼን አስወጥቶ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ገብቷል፤ ማራገቢያውም ቀን ከሌት ይጮኻል። ሙቀቱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፎጣ ለማድረቅ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ የቤቱ ካርታ በእኔ ስም ቢሆንም ስልኬን በእንግዳ መዝገብ ውስጥ ስላስገቡልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ኢንተርኔት በከፈትኩ ቁጥር ያ የተዘጋው ሆቴል ብቅ ብሎ እንኳን ደህና መጡ ይለኛል፤ ቁርስ እስከ አራት ሰዓት መሆኑንም ያስታውሰኛል። እስካሁን ያቀረበልኝ የለም። ለእንግዳ የተፈቀደችው አንድ ሰዓቴ ስታልቅ መስመሩ ይቋረጥብኛል፤ ለመመለስ የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልገኛል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ደግሞ ቤት ካለው ኮምፒውተርዎ ብቻ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ቀን ቀን ቢሮ ነዎት። ኔትወርኩን ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከእኛም ጭምር ስለጠበቁልን ምን ብዬ ላመስግንዎ?

ሦስተኛው ቀልድ የለበትም። ታላቅ እህቴ ጆሮዋ ከከዳት ወዲህ ተራ የስልክ ጥሪ አይሆንላትም፤ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ስንገናኝ አፌን እያየች ነው የምትረዳኝ። ይህን እርስዎም ያውቃሉ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ጎረቤታችን ስላሠራችው የብረት በር እያማሁላት ሳለ ሰዓቴ አለቀ፤ ምስሌም አፌን እንደከፈትኩ፣ አንድ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ደርቆ ቀረ። እህቴ ምርኩዟን ይዛ፣ የቤት ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር፣ በታክሲ ከተማውን አቋርጣ መጥታ በሬን ደበደበች። ስከፍትላት ጉንጮቼን በሁለት እጇ ይዛ ፊቴን እያገላበጠች አየችኝና፣ «አፍሽ ተጣሞ የቀረ መስሎኝ» አለች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። በዚያች ሰዓት፣ የተከበሩ አማቼ፣ ባገኝዎ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ ነበር።

ስለዚህ ፈቃድዎን ሳልጠይቅ አንድ እርምጃ ወስጃለሁ። ከመንገድ የሚገባውን ሽቦ ከሳጥንዎ ነቅዬ፣ መሳቢያ ውስጥ ወርውረዋት ለነበረችው ለትንሿ የድሮ ራውተራችን መልሼላታለሁ። ሳታስቸግር ሥራዋን ጀመረች፤ እህቴም የበሩን ሐሜት እስከ መጨረሻው ተከታትላለች። ሰሐኖችዎ ባሉበት ይቆዩ፤ ቢወርዱ ቀዳዳው ያስጠላል።

ለዕውቀትዎ ከልክ ያለፈ አክብሮት ያላት፣ ቁርሷን ዛሬም የምትጠባበቀው የአንድ ሰዓት እንግዳዎ፣

አማትዎ

ግልባጭ፦
ለልጄ፣ ስቃ ስትጨርስ
ለታላቅ እህቴ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ማታ ስልክዎን ከፍ አድርገው ከክፍል ክፍል ሲንከራተቱ አይቼዎ አንጀቴን በልተውታል። የትንሿ ራውተር የይለፍ ቃል ተቀይሯል፤ እንዴት እንደሚቀየር ያሳየችኝ ባለቤትዎ ናት። እርስዎንም በእንግዳነት ልቀበልዎ ዝግጁ ነኝ። ፈቃድ የሚሰጠው ኩሽና ውስጥ ብቻ ነው፤ ቁርስ እስከ አራት ሰዓት ነው፤ የሚያቀርቡትም እርስዎ ነዎት።